ስዕሌ ከነሰሙ ተገሽልጦ ወደቀ፣ ተሰጥኦ የለኝም ማለት ነው?

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ ከደሴ ነው የመጣው፣ ረዘም ስለሚል ዋና ዋናውን ብቻ ላስቀምጠው፦

"እትዬ እንደምን ሰነበቱ? አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ፣ 29 ዓመቴ ነው፣ ቤታችን ሸዋ በር ነው። አምና ክረምት አዲስ አበባ አንድ ስቱዲዮ ውስጥ ኢንካውስቲክ የሚባለውን፣ በቀለጠ ሰም የሚሳለውን ስዕል አራት ቀን ወርክሾፕ ወሰድኩ፣ ከዛ በጥር ደግሞ ሁለት ቀን ጨመርኩ። እዛ የሰራኋቸው በጣም ያምራሉ፣ እስካሁንም ምንም አልሆኑም። ቤቴ መጥቼ ስሰራ ግን አንዱም አልሳካ አለኝ። አንዱ ላዩ ላይ እንደ ሻጋታ ነጭ ነገር አወጣ፣ ሸራ ላይ የሰራሁት ተሰነጠቀ፣ የጦሳን ተራራ በጉም የሳልኩትን ደግሞ ትምህርት ቤት ቢሮ ሰቅለውልኝ በሦስተኛው ሳምንት ሰሙ ሙሉ በሙሉ እንደ ቆዳ ተገሽልጦ መሬት ላይ ተገኘ፣ በሰው ፊት አፈርኩ። የምሰራው ማታ ማታ ኩሽና ውስጥ በከሰል ነው፣ ብርዱ ስለማይቻል በሩን ዘግቼ፣ ራሴን በጣም ያመኛል፣ ሰሙ አልተስማማኝ ይሆን እላለሁ። አሁን ያው ስቱዲዮ አድቫንስድ የሚል የአስር ቀን ወርክሾፕ አውጥቷል፣ ክፍያው የሁለት ወር ደሞዜን ይበልጣል። እቁብ ወጥቶልኛል። እናቴ በግ ገዝተሽ አርቢበት ትላለች፣ እኔ ልመዝገብ እላለሁ፣ መልሼ ደግሞ ተሰጥኦው ከሌለኝ ምን አለፋኝ እላለሁ። ሰሙን የምገዛው ጧፍ ከሚሰሩ ጎረቤታችን ነው፣ ለምን እንደምፈልገው እንኳን አፍሬ አልነገርኳቸውም። ምን ይሉኛል? ከፎቶዎቹ ጋር፣ የጦሳዋ።"

የጦሳዋ እህቴ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን። ስለ ስዕሉ ብዙ የምልሽ አለኝ ግን መጀመሪያ ስለ ራስ ምታትሽ ነው የማወራው፣ ምክንያቱም ደብዳቤሽን ሳነብ እዛ ቦታ ላይ ስደርስ ደነገጥኩ። የተዘጋ ኩሽና፣ የተቀጣጠለ ከሰል፣ ማታ፣ ራስ ምታት። ይሄ ሰም አልተስማማኝም የሚባል ነገር አይደለም እህቴ። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል፣ አይታይም አይሸትም፣ መጀመሪያ ራስ ያሳምማል፣ ቀጥሎ ያቅለሸልሻል፣ ቀጥሎ እንቅልፍ እንቅልፍ ይልሻል፣ ከዛ በኋላ ያለውን እኔም አንቺም ለቅሶ ደርሰን የምናውቀው ነው። ከዛሬ ማታ ጀምሮ ከሰል ቤት ውስጥ ይዘሽ እንዳትሰሪ። ሌላውን ምክሬን ሁሉ ብትተዪው እንኳን ይቺን ያዢልኝ።

ደግሞ ከሰል ለሰምም አይሆንም፣ ሙቀቱን አትቆጣጠሪውማ። የንብ ሰም የሚቀልጠው ከ62 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ነው፣ ለስዕል ጥሩ የሚሆነው ደግሞ ከ80 እስከ 93 አካባቢ ነው፣ ከዛ እያለፈ በሄደ ቁጥር ሰሙ መበላሸት ይጀምርና አይንና ጉሮሮ የሚያቃጥል ጭስ ይወጣዋል፣ አክሮሊን የሚባለው ነገር እዛ ውስጥ ነው ያለው። ቴርሞሜትር ባይኖርሽ እንኳን አፍንጫሽ ይነግርሻል፣ በትክክለኛው ሙቀት ላይ ያለ ሰም ማር ማር ነው የሚሸተው፣ ሽታው ሹል ሲል አይንሽን ቆጥቆጥ ሲያደርግሽ አልፈሻል ማለት ነው፣ ወዲያው አውርጂው መስኮት ክፈቺ።

እኔ ይሄን የተማርኩት ኮምቦልቻ ተከራይቼ ስኖር ነው። ሰም በጣሳ አድርጌ ከሰል ላይ ጣድኩ፣ ስልክ ተደወለ፣ በረንዳ ወጥቼ ወሬ ያዝኩ፣ ስመለስ ከጣሳው ነጭ ጭስ እየተጥመለመለ ይወጣል፣ ጠጋ ከማለቴ ቦግ አለ። እጄ ጆጉ ውስጥ ወዳለው ውሃ ሲሄድ ያከራዩኝ እናት "ተይው! ተይው!" ብለው ጮኹና አክንባሎውን ከምጣዱ ላይ አንስተው ድፍት አደረጉበት፣ እፍን ብሎ ጠፋ። ውሃውን ደፍቼበት ቢሆን ኖሮ ውሃው በአንዴ ወደ እንፋሎት ተቀይሮ የሚነደውን ሰም ፊቴ ላይ ይረጨው ነበር፣ ይሄን ያወቅኩት በኋላ ነው፣ እሳቸው ግን ዘይት እሳት ሲይዝ ምን እንደሚደረግ እድሜ ልካቸውን ያውቁታል። ስለዚ ሰም በጣድሽ ቁጥር ልክ የሚገጥም ክዳን አጠገብሽ ይቀመጥ፣ ጥለሽው አትሂጂ፣ ስልኩ ይጩህ። እጅሽ ላይ ሰም ከፈሰሰ ደግሞ ሰሙን ለመላጥ አትታገዪ፣ እጅሽን እንዳለ የቧንቧ ውሃ ስር ሃያ ደቂቃ ያህል ያዢው፣ የጥርስ ሳሙና ሊጥ ቅቤ ምናምን የሚሉሽን አትስሚ፣ ሰፋ ያለ ከሆነ ወይ ውሃ ከቋጠረ ጤና ጣቢያ ሂጂ።

በምን ልስራ ታዲያ ትዪኝ ይሆናል። እዚህ ላይ ደሴ መኖርሽ ራሱ ይጠቅምሻል። ደሴ ከባህር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ነው ያለችው፣ በዚ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚ ኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ውሃ ያለበት ድስት ጥደሽ ሰሙን በትንሽ ዕቃ አድርገሽ ውሃው ውስጥ ብታስቀምጪው፣ ውሃው እስካለ ድረስ ሰሙ ብትረሺው እንኳን ከዛ በላይ አይሞቅም፣ ማለት ከነገርኩሽ ገደብ አይወጣም። ውሃው እንዳያልቅ ብቻ ጠብቂ፣ ሰሙ ውስጥም ጠብ እንዳይል፣ ይፈናጠራል። ዕቃው የማይዝግ ብረት ወይ አሉሚኒየም ይሁን፣ የመዳብ ዕቃና ዝገት ያለበት ጣሳ የሰሙን ቀለም ያጠቁረዋል። የእንጀራ ኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ ግን እንዳትሞክሪ፣ እንጀራ የሚያበስል ሙቀት ለሰም በጣም ብዙ ነው። መብራት ሲሄድብሽ ደግሞ አትናደጂ፣ ሰም እንደ ሌላ ቀለም ደርቆ አይበላሽም፣ ይረጋል፣ ነገ ታቀልጪዋለሽ፣ ግን ሶኬቱን ንቀይ፣ ምክንያቱም አንቺ ተኝተሽ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራት ሊመጣ ይችላል።

አሁን ወደ ስዕሉ። የላክሻቸውን ፎቶዎች ደጋግሜ አየኋቸው፣ በተለይ የወደቀውን የጦሳውን። ብዙ ሰው ፊቱን ነው የሚያየው፣ እኔ ጀርባውን አስፍቼ አየሁት። የተገሸለጠው ሰም ጀርባው ለስላሳ ነው፣ ያብለጨልጫል፣ ደግሞ ጥቃቅን ጉጥ ጉጥ ያለ ነገር አለው፣ ልክ የግድግዳ ቀለም በሩሎ ሲቀባ የሚተወውን አይነት። አንድም የእንጨት ክር አልያዘም፣ አንድም ነጭ ቅርፊት ይዞ አልተነሳም። ምን ማለት መሰለሽ? ሰሙ የቀለሙን ፊት ቅርፅ ቀድቶ ወሰደ እንጂ አልነከሰውም፣ ከመጀመሪያውኑ አልተያያዙም። አንቺ ሰሌዳውን በፕላስቲክ ቀለም ቀብተሽዋል አይደል? ለስዕል የሚሸጠው ነጩ አክሪሊክ ጄሶ ቢሆንም ያው ነው፣ እሱም ፕላስቲክ ነው። ሰም የሚይዘው መጥጦ ሲገባ ነው፣ ፕላስቲክ ደግሞ አይመጠውም፣ ስለዚ ላዩ ላይ ተኝቶ ከረመና ብርድ ሲመታው ተኮማትሮ ተነሳ። እና ይሄ ከተሰጥኦ ጋር ምን አገናኘው? ያለም ምርጥ ሰዓሊ እዛ ሰሌዳ ላይ ቢሰራ ይወድቅበታል።

እኔ እንደሚመስለኝ ዋናው ችግር ይሄ ነው፣ በደንብ ስሚኝ። ወርክሾፕ ላይ ተማሪው ሲገባ ሁሉ ነገር ተዘጋጅቶ ነው የሚጠብቀው። ሰሌዳው ተቆርጦ ተዘጋጅቷል፣ ሰሙ ተጣርቶ ተመጥኖ ቀልጧል፣ የምድጃው ሙቀት ተስተካክሏል፣ መስኮቱ ጋ አየር ማውጫ ተገጥሟል። ቀኑ አጭር ስለሆነ፣ ተማሪውም ለመሳል ስለሚቸኩል፣ አስተማሪዎች ጠዋት በሩ ሳይከፈት ይሰሩታል፣ ክፋት አይደለም። አንቺ ስድስት ቀን ሙሉ የተማርሽው የላይኛውን ነው፣ ከስር ያለውን ማንም አልደበቀሽም ግን አላየሽውም። ቤትሽ ስትመጪ ደግሞ የጎደለው እሱ ብቻ ነው። ለዚህ ነው እዛ የሰራሽው ሁሉ እስካሁን ደህና የሆነው፣ እጁ ያው ያንቺ እጅ ነው።

ጄሶ የሚለው ቃል ራሱ ብዙ ሰው አሳስቷል ባይ ነኝ። አሸዋና ሲሚንቶ የሚሸጡት ጋ ሄደሽ ጄሶ ብትዪ የግንበኛ ጄሶ ይሰጡሻል፣ የስዕል ዕቃ የሚሸጡት ጋ ብትዪ በጠርሙስ ያለውን አክሪሊኩን ይሰጡሻል፣ የድሮ የቤተክርስቲያን ሰዓሊዎች የእንጨት ስዕል ሲሰሩ እንጨቱን የሚለስኑበት ነጭ ልስን ደግሞ ሌላ ነው፣ እሱ ይመጥጣል። በነገራችን ላይ የኛ የድሮ የእንጨት ስዕሎች በሰም ነው የተሰሩት የሚልሽ ካለ አትቀበዪው፣ እነሱ ቴምፔራ ናቸው፣ ቀለሙ በእንቁላል ወይ በሙጫ የሚለወስበት ማለት ነው። በሰም የተሰሩት ጥንታዊዎቹ የግብፅ ናቸው፣ ፋዩም ከሚባለው አካባቢ የተገኙ ከ1ኛው እስከ 3ኛው ክፍለ ዘመን የተሳሉ የሟች ፊቶች አሉ፣ አስከሬኑ ላይ አብረው የሚታሰሩ፣ ብዙዎቹ በሰም የተሰሩ ናቸው፣ አይናቸው ዛሬም እርጥብ ይመስላል። ሲና በረሃ ቅድስት ካትሪን ገዳም ያለው የ6ኛው ክፍለ ዘመን የክርስቶስ ስዕልም እንደዛው በሰም ነው። ይሄን የምነግርሽ ታሪክ ለማሳመር አይደለም፣ አብዛኞቹ የተሳሉት እንጨት ላይ መሆኑን ልብ እንድትዪልኝ ነው፣ 1,400 ዓመትና ከዛ በላይ የያዘው ሰምና እንጨት ተያይዞ ነው።

ስለዚ አንቺም ወደ እንጨት ተመለሺ። አናጢ ቤት ሄደሽ የኮምፔልሳቶ ቁርጥራጭ ጠይቂ፣ ወፈር ያለውን፣ ፎርማይካ ወይ ቫርኒሽ የሌለበትን። በብርጭቆ ወረቀት ፈግፈግ አድርጊው፣ አቧራውን ጥረጊና አንድ ጠብታ ውሃ ጣይበት፣ ውሃው ሰርጎ ከገባ ሰሙም ይገባል፣ እንደ ዶቃ ክብ ብሎ ከቆመ ሰሌዳውን ተይው። ከዛ ምንም አትቀቢው። ሰሌዳውን ራሱን አሙቂው፣ እጅሽን ስታስቀምጪበት ለብ ከማለት አልፎ ሞቅ እስኪል፣ ቀለም የሌለበት ሰም ስስ አድርገሽ ቀቢና በሙቀት አስገቢው። ይሄ የመጀመሪያው ንጣፍ ነው ሁሉን ተሸክሞ የሚኖረው።

ማስገባት ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ቀስ ብዬ ላስረዳሽ፣ ምክንያቱም ሁለተኛው ትልቁ ነገር እሱ ነው። ኢንካውስቲክ የሚለው ስም ራሱ ከግሪክ የመጣ ሆኖ ትርጉሙ አቃጥሎ ማስገባት ነው፣ መቀባት አይደለም። እያንዳንዱን ንጣፍ ከታችኛው ጋር በሙቀት ካላዋሃድሽው እንደ ቂጣ ተደራርቦ ነው የሚቀመጠው፣ አንድ ቀን ይለያያል። ሂት ጋን የሚሉትን፣ የመኪና መስታወት ላይ ላስቲክ የሚለጥፉት ልጆች የሚጠቀሙበትን ሙቅ አየር የሚነፋውን ማሽን ከአንድ ስንዝር ራቅ አድርገሽ ያዢና ሳታቆሚ አንቀሳቅሺው። ጎንበስ በይና ሰሙን ከጎን እዪው፣ ብርሃን ወደሚመጣበት አቅጣጫ። መጀመሪያ ድብዝ ያለ ነው፣ የብሩሹ መስመር ይታያል። ከዛ ከአንድ ጥግ ወዝ ማለት ይጀምራል፣ ልክ ቅቤ የተቀባ ፊት ፀሐይ ሲያገኘው እንደሚለው፣ ወዙ እንደ ውሃ እየሰፋ ይሄዳል፣ የብሩሹ መስመር ጠርዙ ይለሰልሳል ግን አይጠፋም። በቃ፣ እዛ ጋ አንሺ። ትንሽ ከቆየሽ ሰሙ መንቀሳቀስ ይጀምራል፣ ቀለሞቹ ይፈሳሉ፣ የሳልሽው ጉም ሾርባ ይሆናል። ወዙ ከመጣበት እስከሚፈስበት ያለው ጊዜ የትንፋሽ ያህል ነው፣ ይሄን ማንም በቃል አያስተምርሽም፣ ሃምሳ ጊዜ ስታዪው አይንሽ ይለምደዋል። የፀጉር ፎን ግን አይሆንም፣ ሙቀቱ አይበቃም ነፋሱ ይበዛል። ማሽኑ ከሌለሽ የእንፋሎት ቀዳዳ የሌለው አሮጌ ካውያ ዝቅተኛው ላይ አድርገሽ ስስ አድርገሽ ብታሳልፊበት ይሰራል፣ ልብስ መተኮሻነቱ ግን ከዛ ቀን ጀምሮ አበቃ።

ሻጋታ ስላልሽው ነጩ ነገር አትጨነቂ፣ ሻጋታ አይደለም። የንብ ሰም በተለይ ብርድ አገር አዲስ ሲሆን ላዩ ላይ ነጭ ጭጋግ ያወጣል፣ ከራሱ ውስጥ የሚወጣ ነው። በለስላሳ ጥጥ ጨርቅ፣ ያረጀ ነጠላ ቢሆን ደስ ይለኛል፣ ክብ ክብ እያደረግሽ ወልውዪው፣ ከስሩ ወዙ ይወጣል። መጀመሪያ ጥቂት ወራት ይመላለስብሻል ከዛ እየቀነሰ ይሄዳል። ሸራው ደግሞ የተሰነጠቀው ስለሚተጣጠፍ ነው፣ ሰም ሲበርደው ግትር ነው፣ ስሩ ሲታጠፍ እሱ ይሰበራል። ጨርቅ ከወደድሽ ጨርቁን ኮምፔልሳቶ ላይ ለጥፈሽ ስሪ፣ አሜሪካዊው ሰዓሊ ጃስፐር ጆንስ በፈረንጆቹ 1954 እና 55 የሰራው ታዋቂ ባንዲራ እንደዛ ነው፣ ጨርቅ ሆኖ ኮምፔልሳቶ ላይ የተለጠፈ፣ ውስጡ ደግሞ ሰም የነከረው የጋዜጣ ቁራጭ አለበት። ወረቀት ሰም ደህና አድርጎ ይመጥጣል፣ አስተማሪ ስለሆንሽ የተማሪ ደብተር ቅዳጅ አታጪም፣ ሞክሪው።

አሁን ስለ ጎረቤትሽ። ለምን እንደምፈልገው እንኳን አልነገርኳቸውም ስትዪ አዘንኩ፣ ምክንያቱም ደሴ ውስጥ ስለ ሰም ከሳቸው በላይ የሚያውቅልሽ ሰው የት ታገኚያለሽ? ጧፍ እንዴት እንደሚሰራ አይተሽ ታውቂያለሽ? ፈትሉን የቀለጠ ሰም ውስጥ እያሳለፉ ነው፣ ሰሙ በጣም ከሞቀ ፈትሉ ላይ ሳይበረክት ተንጠባጥቦ ይወርዳል፣ ከቀዘቀዘ ደግሞ ጓጉሎ ጉብ ጉብ ይላል፣ እሳቸው መሃሏን በአይናቸው ነው የሚያውቋት። ያቺ መሃል እኮ ናት ብሩሽሽ የሚፈልጋት። ስለዚ ነገ ለሰላምታ ብለሽ ጎራ በዪ፣ አንዱን ስዕልሽን ይዘሽ፣ የወደቀውንም ቢሆን፣ "እማማ ሰሙን ለዚህ ነው የምወስደው" በያቸውና ሲሰሩ አጠገባቸው ተቀመጪ። ሰሙን የሚያጣሩበትን እዪ። ሰፈፉን ከውሃ ጋር አቅልጠው በጨርቅ ሲያጠሉት፣ ሲረጋ ጉድፉ ከስር ተሰብስቦ ሲቀር፣ ያንን ከስር ያለውን ጥቁር በቢላ ሲፍቁት። ሌላ ነገር የተቀላቀለበትን ሰም በምን እንደሚለዩም ጠይቂያቸው፣ የሻማው ፓራፊን ያለበት ሰም ሙልጭ ሙልጭ ይላል፣ ንፁህ የንብ ሰም ሲሰበር ስብራቱ ሻካራ ነው፣ በጣትሽ ስታሺው ይለዝባል። ንጣቱን ከፈለግሽ ደግሞ ከአዲስ የማር እንጀራ የወጣ ሰም ካላቸው እሱን ለይተው ያስቀምጡልሽ፣ እንጀራው በቆየ ቁጥር ሰሙ ይጠቁራል፣ ቢጫ ሰም ላይ ሰማያዊ ቀለም ብትጨምሪ አረንጓዴ ነው የሚሆንብሽ። እናንተ ቤትስ ብርዝ አይሰራም? እሱም ሰፈፍ አለው፣ አይጣል። ላሊበላ ሲወለድ ንብ ከበበው፣ ስሙም ከዛ መጣ እየተባለ በሚተረክበት አገር ተቀምጠሽ ሰም መግዛት የሚያሳፍር ነገር አይመስለኝም።

አንዳንዱ ሰሙ እንዲጠነክር እጣን ጨምሪበት ይልሻል። ተዪው። ወርክሾፑ ላይ ሰሙ ውስጥ የነበረው ሙጫ ዳማር ይባላል፣ ከደቡብ ምስራቅ እስያ ዛፎች የሚመጣ፣ ብዙ ጊዜ ስምንት እጅ ሰም በአንድ እጅ ዳማር ነው የሚመጠነው፣ ሰሙን ያጠነክረዋል ሲወለወልም ወዝ ይሰጠዋል። እጣን ግን ውስጡ በውሃ እንጂ በሰም የማይሟሟ ሙጫ አለበት፣ ጓጉሎ ይቀርብሻል። ዳማር ደግሞ በነገርኩሽ የውሃ ሙቀት ላይ በደንብ አይቀልጥም። ለልምምድ ንፁህ ሰም ብቻ ይበቃሻል፣ ትንሽ ለስላሳ ነው፣ ጭጋጉም ይበዛል፣ ያን ያህል ነው ጉዳቱ። ቀለሙን በተመለከተ በዱቄት ያለውን ስትጠቀሚ አፍና አፍንጫሽን በማስክ ሸፍኚ፣ ሊድና ካድሚየም የሚባሉት መርዛማ ብረቶች ያሉበትን አትንኪ፣ ቀይ አፈር አድርቀሽ ፈጭተሽ በስስ ጨርቅ ነፍተሽ መጠቀም ትችያለሽ፣ ከምጣድ ስር ጥቀርሻም ጥቁር ይሆናል። የዘይት ቀለም ካለሽ መጀመሪያ ወረቀት ላይ ጨምቀሽ አሳድሪው ዘይቱን ይምጠጥለት፣ ከዛ ትንሽ ብቻ ጨምሪ። ብሩሽ የፀጉር ይሁን፣ ናይለኑ ይቀልጣል።

እንግዲህ ልመዝገብ ወይ ላልሽው። አሁን አትመዝገቢ ነው የምለው። አስር ቀን አድቫንስድ ብትሄጂ እዛ የሚያምር ነገር ሰርተሽ ትመጫለሽ፣ ቤትሽ ስትመለሺ ያው ሰሌዳ ያው ከሰል ይጠብቅሻል። የእቁቡን ብር ሁሉ አታውጪ፣ ቴርሞሜትር፣ ሙቀቱ የሚስተካከል አንድ ኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ሙቅ አየር የሚነፋውን ማሽን፣ ሁለት የፀጉር ብሩሽ ግዢ፣ የቀረውን ለእናትሽ በግ ስጪ፣ እሳቸውም ልክ ናቸው። ከዛ እጅ የምታክል አስር ሰሌዳ አስቆርጪ። የመጀመሪያዋን ግማሿን በፕላስቲክ ቀለም ቀቢ ግማሿን ባዶ ተያት፣ ሁለቱም ላይ አንድ አይነት ሰም አድርጊ፣ በማግስቱ ጠርዟን በጥፍርሽ ሞክሪ። እኔ ከነገርኩሽ ይልቅ ጥፍርሽ ይንገርሽ። የቀሩት ዘጠኙ ላይ አንድ ነገር ብቻ እየቀያየርሽ ስሪ፣ ከጀርባ ቀኑን፣ ሙቀቱን፣ ስንት ጊዜ እንዳሞቅሽው ጻፊበት። የምትሰሪው ቀን ቀን ይሁን፣ በርና መስኮት ከፍተሽ፣ ጋቢሽን ደርበሽ።

ይሄን ከጨረስሽ በኋላ አሁንም ወርክሾፑ ካማረሽ ሂጂ፣ አልከለክልሽም፣ ግን ብር ከመክፈልሽ በፊት ደውለሽ ጠይቂያቸው። ሰሌዳውን ራሴ ነኝ የማዘጋጀው ወይስ ተዘጋጅቶ ነው? ሰሙንና ዳማሩን ራሴ እመጥናለሁ? አንድ ምድጃ ለስንት ሰው ነው? አየር ማውጫው የት ነው? እሺ ካሉሽ ጠዋት በሩ ሳይከፈት ቀድመሽ ተገኝተሽ ማዘጋጀቱን አግዢ። ጥሩ አስተማሪ በዚህ ይደሰታል እንጂ አይከፋውም፣ ቅር የሚለው ከሆነ ደግሞ ብርሽን ያዢ። ስዕል ይዘሽ ስትመለሺ ላዩን ሰም በተነከረ ወረቀት ጠቅልለሽ ቀጥ አድርገሽ ያዢው፣ ሚኒባስ ውስጥ ሞተሩ አጠገብ አታስቀምጪ፣ ወደ ባቲ ወይ አፋር የምትወርጂ ከሆነማ መኪና ውስጥ ትተሽው አትውረጂ፣ የቆመ መኪና ውስጥ ያለው ሙቀት ሰም ያለሰልሳል።

ስለ ተሰጥኦው አንድ ነገር ልበልና ላብቃ። የጦሳው ስዕል ላይ ጉሙን በአንድ ነጭ አልደፈንሽውም፣ ስስ ስስ አድርገሽ አራት አምስት ጊዜ ደራርበሽዋል፣ ተራራው ከስር ይታያል አይታይም፣ ጠዋት ከፒያሳ ቀና ሲሉ እንደሚታየው ነው። ሰም ብርሃን ስለሚያሳልፍ ነው እንደዛ የሚሆነው፣ ይሄን ደግሞ ማንም አላሳየሽም፣ እዛ ወርክሾፕ የሰራሻቸው ፎቶዎች ላይ የለም፣ ቤትሽ ብቻሽን ያገኘሽው ነው።

የወደቀውን ሰም እንዳትጥዪው። ፕላስቲኩ ያልነካውን ወፈር ያለ አዲስ ኮምፔልሳቶ በዛው ልክ አስቆርጪ፣ አሙቂው፣ ቀለም የሌለው ሰም ቀብተሽ አስገቢው፣ እሱ ገና ለስላሳ እያለ የተገሸለጠውን ከጀርባው በትንሹ አሙቀሽ በሁለት እጅሽ ከአንድ ጠርዝ ጀምረሽ እያስተኛሽ ለጥፊው፣ ከመሃል ወደ ዳር በእጅሽ ተጫኚው አየር እንዳይቀር፣ ከዛ ከላይ ወዙ እስኪመጣ ብቻ አሙቂ። ትንሽ ይደበዝዛል፣ ጉም ስለሆነ ይችለዋል። ሲረጋ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ አስሩን ትንንሽ ሰሌዳዎችም፣ ከነጀርባቸው።